ውርጭ ያጠቆረው ጓሮ፦ ድንቹን አይንቀሉ፣ ካቡን ግን ይክፈቱ

የጠያቂያችን ደብዳቤ

«ከባለቤቴ ጋር ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን የገባነው አምና ነው። ከቤታችን ጀርባ 150 ካሬ ሜትር የሚሆን ጓሮ አለን፤ ወደ ታች ዘቅዘቅ ይላል፣ ግርጌው በድንጋይ ካብ ታጥሯል። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ድንች ተከልኩ፤ ከጎኑ ቲማቲምና ቃሪያም አደረግኩበት። ጥቅምት አጋማሽ ላይ አንድ ቀን ጠዋት ስወጣ ሁሉም የፈላ ውሃ የተደፋበት መስሎ አገኘሁት። ማታ ምንም አልነበረውም። ከቤቱ ግድግዳ ሥር ያሉት አራት አምስት እግር ድንቾች ብቻ አልተነኩም፤ ከካቡ አጠገብ ያሉት እስከ ግንዳቸው ጠቁረዋል። አንዷ ጎረቤቴ ‹ጭስ አጭሺበት› ትለኛለች፤ ሌላዋ ‹ሊነጋ ሲል ውሃ እርጪበት› ትላለች። ነቅዬ ልጣለው? እስከ ጥር ድረስስ ምን ልዝራ? ሁለቱ የአፕል ችግኞቼም ቅጠላቸውን እያራገፉ ነው፤ እየሞቱ ይሆን? ውሃ የሚመጣልን በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ ያለኝ አንድ በርሜል ነው። ለኅዳር ሚካኤል ደግሞ የደረቀውን ሁሉ ሰብስቤ ላቃጥለው አስቤያለሁ፤ ልክ ነኝ?»

መልሳችን

እህታችን፣ ደብዳቤዎ ውስጥ እንደ ዋዛ የጻፏት አንዲት ነገር የጥያቄዎን ግማሽ ትመልሳለች፤ ከግድግዳው ሥር ያሉት ድንቾች መትረፋቸው። እሷን ይዘን እንነሳ። ከዚያ በፊት ግን መቆፈሪያውን ያስቀምጡ፤ ለዛሬ ምንም አይንቀሉ፣ ምንም ቅጠል አይቁረጡ።

ውርጭ እንደ ዝናብ ከሰማይ አይወርድም። መሬት ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ይለቀዋል። ደመና ካለ እንደ ጋቢ ሆኖ ያግድለታል፤ ከሌለ ሙቀቱ ሄዶ ይቀራል። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ከጠራ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት፣ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን አየሩ ስስና ደረቅ ስለሆነ ይህ ሙቀት ቶሎ ያልቃል። መጀመሪያ የሚቀዘቅዙት መሬቱና ቅጠሉ ናቸው። እነሱን የነካው አየርም ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ አየር ደግሞ ከባድ ነውና እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈስሳል፤ የሚያግደው ሲያገኝ ይጠራቀማል። የእርስዎ ጓሮ ዘቅዛቃ ነው፤ ግርጌው ላይ ካብ አለ። ካቡ ግድብ ሆኖ ከላይ የወረደውን ብርድ ሁሉ ከሥሩ አስተኝቶ አሳድሯል። የቤቱ ግድግዳ በአንጻሩ ቀን ፀሐይ ሲሞቅ ውሎ ሌሊቱን ሙሉ ያንን ሙቀት ሲሰጥ ያድራል፤ የጣሪያው ክፈፍም ከሥሩ ያለውን ከሰማይ ይጋርደዋል። አራት አምስቱን እግር ያዳነው ይኸው ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ከዘርም ከመድኃኒትም ጋር አይገናኝም። በጓሮው ላይ ውሃ ቢደፋ በየት በኩል ሊወጣ እንደሚሞክር ይመልከቱ፤ በዚያ ዝቅተኛ ጥግ ካቡን ከመሬት ጀምሮ ግማሽ ሜትር ያህል ስፋት ይክፈቱት። ውሻና በግ እንዳይገባ በሽቦ ወይም አራርቀው በሚያቆሟቸው እንጨቶች ማጠር ይችላሉ፤ አየሩ ይለፍ እንጂ። ቆርቆሮ አያቁሙበት፣ ቁጥቋጦም እንዲጠቀጠቅበት አይተዉ። ይህ ውርጭን አያስቀርም፤ ብርዱ ተኝቶ የሚያድርበትን ኩሬ ግን ያጎድለዋል፤ በእንዲህ ያለ ጓሮ አንድና ሁለት ዲግሪ ቅጠሉን ከመጥቆር የምታድን ልዩነት ናት።

የውርጭ ሌሊት ማታውኑ ይታወቃል። ሰማዩ ጥርት ካለ፣ ቀን ሲነፍስ የዋለው ነፋስ ፀሐይ ስትጠልቅ ቀጥ ካለ፣ አየሩም ደረቅ ከሆነ ይጠንቀቁ። ነፋስ ያለበት ሌሊት ለሰው ይከብዳል እንጂ ለአትክልት ይሻላል፤ ከላይ ያለውን ሞቅ ያለ አየር ከታችኛው ጋር ያደባልቀዋልና። የስልክዎ ትንበያ «3 ዲግሪ» ስላለ ብቻ አይዘናጉ፤ ያ ቁጥር የሚለካው ከመሬት አንድ ተኩል ወይም ሁለት ሜትር ከፍ ብሎ ነው። በተረጋጋ ሌሊት መሬቱ ላይ ከዚያ ብዙ ይቀዘቅዛል። እኛ 4 ዲግሪና ከዚያ በታች የሚል ትንበያ ከጥርት ሰማይ ጋር ከተገጣጠመ ልብስ አውጡ እንላለን። ለማረጋገጥ ከፈለጉ ዝርግ ሳህን ውስጥ ጣት የማይሞላ ውሃ አድርገው ግርጌው ላይ ያሳድሩ፤ ጠዋት ላዩ እንደ ብርጭቆ ከጋገረ ብርዱ የት እንደሚተኛ በዓይንዎ ያዩታል። ሳህኑን በየሌሊቱ ቦታ እያቀያየሩ ጓሮዎን በሙሉ ሊፈትሹት ይችላሉ።

ወደ ጎረቤቶችዎ ምክር እንምጣ። ሁለቱም በቅን ልብ ነው የመከሩዎት፤ ሁለቱም ግን እዚህ አይሠራም። ጭስ ከመሬት የሚወጣውን ሙቀት አያግድም፤ ብናኙ እንደ ደመና ጠብታ ትልቅ አይደለምና ሙቀቱ ሰንጥቆት ያልፋል። እሳቱ ራሱ ያሞቅልኛል ብለው ትልቅ ቢያነዱ ደግሞ የጋለው አየር ወደ ላይ ሲተኮስ በቦታው ከዙሪያው ቀዝቃዛ አየር ይስባል። ጭሱ እስኪነጋ ከቆየም የጠዋቷን ፀሐይ ይጋርዳል። የሚነደው ኩበት ለጓሮው ምግብ የሚሆን ነበር፤ ያ ያሳዝናል። ሊነጋ ሲል ውሃ መርጨት መሠረት አለው፤ ውሃ በረዶ ሲሆን ሙቀት ይለቃል። የሚረዳው ግን ብርዱ ሳይጀምር ተጀምሮ በረዶው ቀልጦ እስኪያልቅ ሳይቋረጥ ከተረጨ ነው። አንድ ጊዜ ተረጭቶ ከተተወ ውሃው ሲተን ቅጠሉን ይብስ ያቀዘቅዘዋል። በአንድ በርሜል ፈጽሞ አይሞከርም።

የሚሠራው መሸፈን ነው፤ አሸፋፈኑ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሽፋን ሙቀት አይፈጥርም፤ ከመሬት የሚወጣውን ብቻ ይይዛል። ስለዚህ መሬቱ ሳይቀዘቅዝ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ መሸፈን አለበት፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ብርዱ ሲሰማዎት ቢወጡ የሚይዙት ሙቀት አልቋል። ጆንያ፣ አሮጌ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ ሁሉም ይሆናል። ከግራና ከቀኝ ቀጭን እንጨት ተክለው ሽፋኑን ከቅጠሉ አንድ ስንዝር ከፍ ያድርጉትና ጠርዙን መሬት ድረስ አውርደው በድንጋይ ይጫኑት። ጠርዙ ከመሬት ከተነሳ ሙቀቱ በዚያ ይወጣል። ላስቲክ ብቻውን አይመከርም፤ ቅጠል በነካበት ቦታ ሁሉ ብርዱን ያስተላልፋል። ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ፣ ውርጩ ከሳሩ ላይ ሲረግፍ፣ ሽፋኑን ያንሱት፤ ካልተነሳ መሬቱ የቀኑን ፀሐይ አይጠጣም፣ ለሚቀጥለው ሌሊትም የሚሰጠው አይኖረውም።

ገለባ ስለማልበስ አንድ ነገር እናስጠንቅቅ። መደብ ላይ ገለባ መበተን ውሃ ለመቆጠብ ተወዳዳሪ የለውም። ነገር ግን መሬቱን ከፀሐይ ስለሚሸፍነው ቀን የሚገባው ሙቀት ያንሳል፣ ሌሊትም ወደ ላይ አይወጣም፤ ስለዚህ በገለባ መካከል የቆመ ድንች ወይም ቃሪያ በባዶና እርጥብ መሬት ላይ ከቆመው ይልቅ በውርጭ ይመታል። ለነጭ ሽንኩርት፣ ለጎመንና ለካሮት ገለባ ይበትኑ፤ ውርጭ ለሚፈሩት ግን እስከ ጥር ድረስ መሬቱ የተራቆተ፣ የተደላደለና ቀን ውሃ የጠጣ ይሁን። እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር የበለጠ ሙቀት ይይዛል።

አሁን ድንቹ። በመጀመሪያ ውርጭ መሆኑን ያረጋግጡ። የክረምቱ የድንች በሽታ ከሆነ በቀናት ውስጥ ነው የሚስፋፋው፤ ቡናማ ነጠብጣብ ይጀምራል፣ በእርጥብ ጠዋት የቅጠሉ ሆድ ላይ ነጭ ሻጋታ ይታያል። ውርጭ በአንድ ሌሊት ይመታል፤ ከላይ ጫፉን ያስቀድማል፣ ቅጠሉ መጀመሪያ ውሃ የጠጣ ይመስላል፣ ፀሐይ ስታገኘው ይጠቁራል። የእርስዎ ያለ ጥርጥር ውርጭ ነው። ያጠፋውም ከመሬት በላይ ያለውን ብቻ ነው። ሐምሌ መጨረሻ የተተከለ ድንች በጥቅምት አጋማሽ ሁለት ወር ተኩል ሞልቶታል፤ ከሥሩ ፍሬ ይዟል።

ሰባት እስከ አሥር ቀን ይጠብቁ። የጠቆረው ቅጠል ከሥሩ ላለው ግንድ ሽፋን ነውና አያንሱት። ከዚያ በኋላ እየዞሩ ግንዱን በጥፍርዎ ፋቅ ያድርጉት፤ ከታች አረንጓዴ ከሆነ አዲስ ቅጠል ያወጣል፤ ይኮትኩቱት፣ ማታ ማታ ይሸፍኑት፤ ፍሬው ለአንድ ወር ያህል ይጨምራል። እስከ መሬት ቡናማ ሆኖ ከላመ ግንዱን አጭደው ያንሱ፣ ፍሬውን ግን ሁለት ሳምንት መሬት ውስጥ ይተዉት። ቅጠሉ በሞተ ማግስት የተቆፈረ ድንች ልጣጩ በአውራ ጣት ሲገፉት ይላጣል፤ እንዲህ ያለው በጎተራ ውስጥ ይበሰብሳል። በሁለቱ ሳምንት ልጣጩ ይጠነክራል። ውሃም አያጠጡት። ጥቁር አፈር ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ስንጥቁን በአፈር ይድፈኑት፤ ብርሃን ያገኘው ድንች አረንጓዴ ይሆናል፣ አረንጓዴው ክፍል መርዝነት ስላለው አይበላም።

ሲቆፍሩ የእንቁላል መጠን ያላቸውን፣ ከጤነኛና ብዙ ፍሬ ከያዘ እግር የወጡትን ለዘር ይለዩ። የሚበላው በጨለማ ይቀመጥ፤ የዘሩ ድንች ግን ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው፣ ብርሃንና ነፋስ በሚያገኝ ቦታ በቆጥ ላይ ስስ ሆኖ ይዘርጋ። በጨለማ የበቀለ ድንች ጉንቁሉ ረጅምና ነጭ ሆኖ ሲነኩት ይቀነጠሳል፤ በብርሃን የበቀለው ግን አጭር፣ ወፍራምና አረንጓዴ ጉንቁል ያወጣል። ከሁለት እስከ ሦስት ወር ውስጥ፣ ልክ ለጥር መጨረሻ ተከላ ይደርስልዎታል።

የቲማቲሙና የቃሪያው ነገር ግን አልቋል፤ ቶሎ መናገሩ ይሻላል። መስታወት መስሎ ያልላመ አረንጓዴ ቲማቲም ካለ ለቅመው ካርቶን ውስጥ ከአንድ የበሰለ ሙዝ ጋር ያስቀምጡት፣ ይቀላል። የላመው ይበሰብሳልና አያቆዩት። ቲማቲም በበጋ የሚሆነው ከጣርማ በር ቁልቁል ወርደው በሸዋ ሮቢትና በቀወት ሜዳ ነው፤ በደጋው በጥቅምት መትከል ገንዘብን ለውርጭ መገበር ነው።

እስከ ጥር ምን ይዘራ ለሚለው መጀመሪያ ውሃዎን እንቁጠር፤ ዘሩን የሚወስነው እሱ ነው። በበጋ አንድ ካሬ ሜትር አትክልት በሳምንት 25 ሊትር ገደማ ይፈልጋል። 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል በሳምንት ሁለት ጊዜ ከሞላ 400 ሊትር ነው፤ ይህ ለ16 ካሬ ሜትር ይበቃል። 150 ካሬውን በሙሉ ለማጠጣት ቢሞክሩ ሁሉም በጥም ያልቃል። ስለዚህ አንድ ሜትር በአምስት ሜትር የሆኑ ሦስት መደቦች ብቻ ይሥሩ፤ ከቤቱ ይቅረቡ። የልብስ ማለቅለቂያ ውሃ ካለ ሥር ሥሩን ይጨምሩ፤ ኦሞ የበዛበትን የመጀመሪያውን እጣቢ ግን ለቅጠላ ቅጠል አያድርጉ።

በክረምት መደብ ከፍ ብሎ የሚሠራው ጥቁር አፈር ውሃ ስለሚያቁር ነበር። አሁን ይገለበጣል፤ መደቡ ከመንገዱ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ዙሪያውን ጠርዝ ይደረግለት፣ ያጠጡት ሁሉ እዚያው ይቅር። በየቀኑ ላዩን ከማርጠብ በሳምንት ሁለት ቀን በደንብ ማጠጣት ይሻላል፤ በአንድ ጊዜ ለአንድ መደብ 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሦስት ከትንሽ ጭማሪ ጋር። በቆላ ማታ ማጠጣት ይመከራል፤ በደብረ ብርሃን ግን ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ይሁን። ቅጠሉ ሳይመሽ ይደርቃል፣ የረጠበው መሬትም ቀኑን ሙሉ ሙቀት ሲጠጣ ይውላል።

አንደኛውን መደብ ለነጭ ሽንኩርት ይስጡት። ቅጠሉ ውርጭን ይችላል፤ ቦታው ግርጌው ላይ ቢሆንም አይከፋም። አንድ ኪሎ ጤነኛ ነጭ ሽንኩርት ይበቃዎታል። ከመትከልዎ በፊት እያንዳንዱን ራስ በእጅዎ ፈልቅቀው መቀመጫውን፣ ሥሩ የሚወጣበትን ክብ ቦታ፣ ብርሃን ላይ ያዩት። ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገርና በመካከሉ ከጤፍ ፍሬ ያነሱ ጥቋቁር ነጥቦች ካሉበት ያንን ራስ በሙሉ እሳት ውስጥ ይጨምሩት። ይህ ነጭ ሽንኩርትን የሚያበሰብስ በሽታ ነው፤ በሸዋ ደጋ የታወቀ ነው፤ ነጥቦቹ አንዴ መሬት ከገቡ እስከ 20 ዓመት ሊቆዩ ይችላሉ። መድኃኒቱ እንዳይገባ መጠበቅ ነው። ቤቱን የሸጡልዎት ወይም ያከራዩዎት ሰዎች ከዚህ በፊት ነጭ ሽንኩርት የት ይተክሉ እንደነበር ይጠይቁ፤ የበሰበሰባቸው ቦታ ካለ እዚያ ነጭም ቀይም ሽንኩርት አይትከሉ።

ጤነኛ ከሆኑት በራሱ ዙሪያ ያሉትን ትላልቅ ፍሬዎች ይምረጡ፤ የመሀሎቹ ቀጫጭኖች ለወጥ ይሁኑ። ልጣጩን አይላጡ። በመስመር መካከል 20፣ በተክል መካከል 10 ሴንቲ ሜትር ይተው፤ በአንድ መደብ 250 ገደማ ይገባል። ሹል ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ ከሦስት እስከ አራት ሴንቲ ሜትር ይጥለቅ። ተገልብጦ የተተከለ ይበቅላል፤ ግን አንገቱ ተጣሞ ራሱ ይኮሰምናል። እስከ ኅዳር መጀመሪያ ከተከሉ በመጋቢት መጨረሻ ወይም በሚያዝያ ይደርሳል። ቅጠሉ ግማሽ ድረስ ሲቢጫ ለሁለት ሳምንት ውሃውን ያቁሙ። የበልግ ዝናብ በዚያው ሰሞን ስለሚጥል ከተነቀለ በኋላ ማድረቂያው ከጣሪያ ሥር ይሁን። ቅጠሉ ላይ ብርቱካናማ ዱቄት ከታየ ዋግ ነው፤ ጥቂት ከሆነ ቅጠሉን ቀንጥሰው ይቅበሩ፣ ውሃውንም ከቅጠሉ ላይ ሳይሆን ከሥሩ ያፍስሱ።

ሁለተኛው መደብ ለካሮትና ለቀይ ሥር ነው። ካሮት ትኩስ ፍግ አይወድም፤ እንደ ሹካ ይከፈላል። ድንጋዩን እስከ ሁለት ስንዝር ይልቀሙ፣ ዘሩን አንድ ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው መስመር በስሱ ይዝሩና ውሃ አጠጥተው እርጥብ ጆንያ ያልብሱት። በብርድ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ሦስት ይወስድበታል፤ ብዙ ሰው «ዘሩ ሞቷል» ብሎ የሚገለብጠው በ12ኛው ቀን ነው። ከአሥረኛው ቀን ጀምሮ በየማለዳው ጆንያውን ገለጥ አድርገው ይዩ፤ የመጀመሪያዋ ክር ብቅ ስትል ያንሱት፣ አንድ ቀን ከዘገየ በጨለማ ይመለምላል። ከዚያ በተክል መካከል አምስት ሴንቲ ሜትር እንዲቀር ያሳሱት። ቀይ ሥር እንዲሁ ነው፤ እሱ ግን አሥር ሴንቲ ሜትር ይፈልጋል።

ሦስተኛው የጎመን ነው። የሀበሻ ጎመን፣ ቆስጣና ጥቅል ጎመን የደብረ ብርሃንን ውርጭ ይችሉታል። ጠዋት ደርቀው ቢያዩዋቸው አይደንግጡ፤ ፀሐይ እስክታሞቃቸው ብቻ እጅዎን አያሳርፉባቸው፣ በረዶ የያዘ ቅጠል ሲነካ ይሰበራል። ለጥቅል ጎመን ከአራት እስከ አምስት ቅጠል ያለው ችግኝ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ በ40 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይትከሉ። ከተከሉ በኋላ በሚመጡት ቀናት ጠዋት ተኝቶ የሚያገኙት ችግኝ ካለ ከግንዱ ዙሪያ በጣትዎ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ጫር ጫር ያድርጉ፤ ግራጫ፣ ወፍራም፣ እንደ ቀለበት የተጠቀለለ ትል ያገኛሉ። ቆራጭ ትል ነው፤ ሌሊት ግንዱን ከመሬት እኩል ይቆርጣል፣ ቀን እዚያው ይተኛል። ገድለውት ካልሄዱ ነገ የሚቀጥለውን ይቆርጣል። ከሃይላንድ ጠርሙስ ስምንት ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ቀለበት ቆርጠው ችግኙን ያስገቡበት፣ ግማሹ አፈር ውስጥ ይግባ።

ደረቁ ወራት የክሽክሽም ወራት ነው። አመድ የተነፋበት የሚመስል መንጋ በቅጠሉ ሆድ ላይ ከታየ በሁለት ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ የሳህን ሳሙና በጥብጠው ከታች ወደ ላይ ይርጩ። ሳሙናው የሚገድለው የነካውን ብቻ ስለሆነ በአራት አምስት ቀን ልዩነት ሦስት ጊዜ ይደገም። ሳሙና አብዝቶ ቶሎ ለመጨረስ መሞከር ቅጠሉን ያቃጥላል። ከመብላትዎ በፊት በደንብ ይጠቡት።

የቀረውን 135 ካሬ ባዶ ሲያዩት አይክፋዎት። አፈሩ እርጥበቱ ሳይለቀው፣ ጥቁሩ መሬት እንደ ሸክላ ሳይደርቅ፣ ድንቹ ካለበት በቀር አሁኑኑ ይቆፈር፤ ጓሉም ሳይደቅ እንዲሁ ይተው። ፀሐይና ውርጭ ያሟሽሹታል፤ የተደበቀው ትልም ለወፍ ይጋለጣል።

አሁን ወደ ኅዳር 12። ኅዳር ሲታጠን የሚባለው ልማድ በኅዳር 1911 ዓ.ም. አገሩን ከጎዳው የኅዳር በሽታ ጋር የተያያዘ ነው፤ ቆሻሻ አውጥቶ ማቃጠሉም ቤትን ለማጽዳት ነው። እርስዎም ያጽዱ። ወደ እሳቱ የሚገባው ግን የተመረጠ ይሁን፦ የበሰበሰ ነጭ ሽንኩርት፣ በክረምቱ በሽታ የሞተ የድንች ግንድ፣ ዘር የቋጠረ አረም። ላስቲክና ጠርሙስ አይግባበት። ውርጭ ብቻ የመታው የድንችና የቲማቲም ቅጠል፣ የረገፈው ቅጠል፣ የታጨደው ሣርና ጤነኛ አረም ኮምፖስት ነው፤ አረንጓዴ ነገር እንደ ልብ የሚገኘው እስከ ኅዳር መጀመሪያ ስለሆነ ሥራው አይዘግይ።

በበጋ ኮምፖስት ከመከመር መቅበር ይሻላል፤ ክምር በነፋስ ይደርቃል። ጥላ ባለበት አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ጉድጓድ ቆፍረው ከታች አንድ ስንዝር ጭራሮና ገለባ፣ በላዩ አንድ ስንዝር አረንጓዴ፣ ከዚያ አራት ጣት እበት ወይም የበግ በጠጥ፣ ከዚያ ስስ አፈርና እፍኝ አመድ፤ እያጠጡ ይደጋግሙት። እበቱ ኩበት ሆኖ የሚያልቅበት ቤት ከሆነ በጠጡ ይበቃል፤ በግ ካላቸው ጎረቤቶች በጆንያ ይጠይቁ። በመሀሉ ረጅም ዱላ ሰክተው በጭቃ ወይም በሰፋፊ ቅጠል ይድፈኑት። በሳምንቱ ዱላውን ሲነቅሉት ጫፉ ሞቆና ወዝቶ ከወጣ ሥራው ጀምሯል፤ ደርቆ ከወጣ ውሃ ጎድሏል፤ ቀዝቅዞ የሚከረፋ ከሆነ ውሃ በዝቷል፣ ደረቅ ገለባ ይጨመርበት። በወሩ ይገላበጥ።

አፕሎቹ አልሞቱም፤ እንቅልፍ ሊተኙ ነው። ቅጠላቸውን ማራገፋቸው የብርዱን ወራት ማለፊያቸው ነው። ቅርንጫፏን በጥፍርዎ ቢፍቋት ከሥር አረንጓዴ ያገኛሉ። ፍግም ዩሪያም አሁን አይስጧቸው፤ ያለ ጊዜው ለጋ ቅጠል አውጥተው ውርጭ ይለበልበዋል። በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ አንድ ጀሪካን ውሃ ይበቃቸዋል። የደረቀና የተጠላለፈ ቅርንጫፍ የሚቆረጠው በታኅሣሥ መጨረሻና በጥር፣ እምቡጡ ሳያብጥ ነው። የዝርያቸውንም ስም ሻጩን ይጠይቁ፤ አና የተባለው ብቻውን በደንብ አያፈራም፣ ዶርሴት ጎልደን አብሮት ሲቆም የአበባውን ዱቄት ያገኛል። ሁለቱም አና ከሆኑ ሦስተኛ ችግኝ መጨመር ያስፈልግዎታል።

በጥር መጨረሻ፣ ውርጩ ሲሳሳ፣ ቆጥ ላይ ያቆዩትን ዘር ድንች ያወርዳሉ። በዚያን ጊዜ ድንቹን ከጓሮው ላይኛው ግማሽ፣ ዘንድሮ ድንች፣ ቲማቲምና ቃሪያ ባልነበረበት ቦታ ይትከሉት፤ ከካቡ ሥር ያለውን ቦታ ለጎመን ይተዉለት። ዘንድሮ ድንች የነበረበትን መሬት ደግሞ ሦስት ዓመት ከድንች ያሳርፉት፤ ድንች፣ ቲማቲምና ቃሪያ ዘመዳሞች ስለሆኑ ሦስቱንም ይመለከታል።